በሌላ ሴት ድምፅ

ሊዲያ ፋልኮ በሃያ ሦስት ፊልሞች ላይ ተናግራለች፤ ድምፅዋን የሰማ ተመልካች ግን አንድም የለም። ጣሊያን በሙሉ የሚያውቀው ያ ለስላሳ፣ ትንሽ ጎርነን የሚል ድምፅ የእሷ አይደለም። የአራት ልጆች እናት የሆኑት፣ ደረጃ በወጡ ቁጥር ጉልበታቸውን የሚረግሙት የወይዘሮ ኤርሲሊያ ነው። በሮማ የፊልም ሠራተኛ ዘንድ ይህ ነውር አይደለም፤ ሁሉም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ፊልሙ ሲቀረጽ ድምፅ አይቀዳም። ተዋናይ አፉን ያንቀሳቅስ እንጂ የፈለገውን ቢል ግድ የሚሰጠው የለም። ቃሉና ድምፁ ከሳምንታት በኋላ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በሌላ ሰው ጉሮሮ፣ በከንፈሩ ልክ ተሰፍቶ ይለበሳል። አንድ የሚላኖ ሐያሲ «ሊዲያ ፋልኮ መልክ ባይኖራት እንኳ በድምፅዋ ብቻ ትወደድ ነበር» ብሎ የጻፈ ዕለት ወይዘሮ ኤርሲሊያ ጋዜጣውን ቆርጠው ማድ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል።

የሊዲያ የራሷ ድምፅ የፖዙሊ ወደብ ድምፅ ነው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ የክርስትና ስሟም ኑንዚያታ ስኪያኖ። ዓሣ ገበያ ላይ ከእናቷ ጎን ቆማ «ትኩስ ሰርዲን!» ስትል ነው ያደገችው። ፕሮዲውሰሩ በመጀመሪያው ቀን አፏን ስትከፍት ሰምቶ «ፊቷ የንግሥት፣ አፏ የዓሣ ሻጭ» ብሎ ፈረደባት። ሬዲዮ ላይ እንዳትቀርብ፣ ለጋዜጠኛም መልስ እንዳትሰጥ ውል አስፈረማት። ጋዜጦቹ የውሉን ነገር ስለማያውቁ «ዝምተኛዋ እመቤት» እያሉ ዝምታዋን እንደ ጌጥ ቆጠሩላት። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች፤ ዝነኛም ሆነች፣ ሀብታምም ሆነች።

ለከንፈሯ ቃል የሚሰፋላት ሰው ኦታቪዮ ቤራርዲ ይባላል። ፊልሙን በትንሽ ማሽን ላይ ወደፊትና ወደኋላ እያዞረ የአፏን እንቅስቃሴ ያነባል፤ ከዚያ አፉ ላይ የሚገጥም ንግግር ይጽፋል፤ ወይዘሮ ኤርሲሊያ ሲናገሩትም ፊት ለፊት ተቀምጦ ያርማል። የሮማ ዳኛ ልጅ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት፣ ሊዲያ ገና አንድ ፊልም ብቻ የሠራች ጊዜ፣ ሊያገባት ነበር። እናቱ «የዓሣ ሽታ ከእጅ ይለቃል፣ ከስም ግን አይለቅም» ብለው ሲቃወሙ እሱ ባርኔጣውን አንሥቶ ከአባቱ ቤት ወጣ።

እናቱን የተቋቋመ ሰው ፕሮዲውሰሩን ግን አልተቋቋመም። የመጀመሪያው ፊልም ፖዙሊ ሲደርስ ሊዲያ እናቷን ይዛ ሲኒማ ቤት ገባች። ዓሣ ገበያው በሙሉ እዚያ ነበር። ድምፅዋ እንደሚለወጥ ማንም አልነገራትም ነበርና፣ ሸራው ላይ አፏን ስትከፍት የማታውቃት ሴት ድምፅ ወጣ። እናቷ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ፣ «ኑንዚያታ፣ ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለቻት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊዲያም አብራ ሳቀች፤ ልቧ ግን እዚያው ጨለማ ውስጥ ተሰበረ። ለዚያች ለሌላዋ ሴት ቃሉን የጻፈው ኦታቪዮ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እጇን ይዞ ሲዞር ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። በማግስቱ አራት መስመር ጽፋ እጮኝነቱን አፈረሰች። እሱ ሰባት ደብዳቤ ላከ፤ ሰባቱንም ሳትከፍት መለሰች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእነዚህ የሁለቱ ዝምታ ግን ዐሥር ዓመት ተቀምጦ ነቅዞ ነበር። ሥራ አንድ ላይ ስላሰራቸው ሲገናኙ «እንደምን አደሩ ሲኞሪና»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ሲኞር ቤራርዲ» ይባባላሉ፤ በቃ። ባለፈው ታኅሣሥ የሊዲያ እናት ስትሞት ኦታቪዮ ፖዙሊ ድረስ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከሕዝቡ ኋላ ቆመ፤ ቀብሩ ሲያበቃ ማንንም ሳያናግር ተመለሰ። ሊዲያ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያየችው እሱን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፏ ሄደ፤ ያልከፈተቻቸው ሰባት ደብዳቤዎች በሐሳቧ ይመላለሱባት ጀመር።

መጻፍ አልቻለችም፤ ደብዳቤ የመለሰ እጅ በየትኛው ፊቱ ይጽፋል? ስልክ መደወልም ኩራቷ አልፈቀደላትም። መንገዱን የሰጣት ሥራው ነው። በየካቲት መጨረሻ የባቡር ጣቢያውን ትዕይንት ቀረጹ። ከእሷ ጋር የሚተውነው ጊልዶ ራስፓንቲ ነበር፤ ያ ቁመናው ያማረ፣ ጋዜጦቹ በየሳምንቱ ከእሷ ጋር የሚያጋቡት ሰው። ትዕይንቱ ስንብት ነው። ዳይሬክተሩ እንደ ልማዱ «ቁጥር ቁጠሩ፣ ብቻ ፊታችሁ ይዘን» አላቸው። ጊልዶ የሚወደውን የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ስም ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በሐዘን ዘረዘረ። ሊዲያ ሦስት ጊዜ ከሃያ እስከ ሠላሳ ቆጠረች። በአራተኛው ግን ቁጥሩን ተወችና ሌላ ነገር ተናገረች።

«ይቅር በለኝ» አለች። «ሁሉም የሆነው በኩራቴ ነው። ከአንተ በቀር ማንንም አልወደድኩም። ና፣ ውሰደኝ።»

ይህን አፍ አንድ ሰው ቃል በቃል እንደሚያነበው ታውቅ ነበር። ዳይሬክተሩ አራተኛውን ቀረጻ ወደደው። ሊዲያም ቤቷ ገብታ መልስ ትጠብቅ ጀመር። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት አለፈ፤ ሦስተኛው ሲጋመስ ወይዘሮ ኤርሲሊያ ደወሉላት። የጣቢያው ትዕይንት ዐርብ ጠዋት ድምፅ እንደሚለብስ ነገሯት፤ ከዚያም እንደ ተራ ወሬ አድርገው፣ ሲኞር ኦታቪዮ ቱሪን ሥራ ይዞ ቅዳሜ እንደሚሄድ አከሉላት።

ዐርብ ጠዋት ሊዲያ በዐሥር ዓመት ውስጥ ረግጣው ወደማታውቀው የድምፅ ክፍል ገባች። ኦታቪዮ ከትንሿ መብራት ኋላ ተነሣ። ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል።

«ሲኞሪና ፋልኮ። አልጠበቅንዎትም።»

«ላስቸግር አልመጣሁም። ከኋላ ልቀመጥ።»

«እንደ ወደዱ» አለና ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ቀና ብሎ እንዲያያት ስትጠብቅ ቆየች፤ አላያትም።

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ጉሮሯቸውን የሚያለሰልሱበትን ጥሬ እንቁላል እንደ መድኃኒት በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው ማይክራፎኑ ፊት ቆሙ። ጫፍና ጫፉ የተጋጠመው ቁራጭ ፊልም ያንኑ እየደጋገመ ይዞር ጀመር። ካሜራው በጊልዶ ትከሻ ላይ አልፎ የሊዲያን ፊት ሞልቶታል። ሸራው ላይ ከንፈሯ ይቅር በለኝ ይላል። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ግን የወይዘሮ ኤርሲሊያ ነው።

«ሂድ፣ ባቡሩ እንዳያመልጥህ። ውሻህ እኔ ጋ ይቆያል። ደብዳቤ ግን አትጻፍልኝ፣ አላነበውም።»

ልክ ገጠመ። አንዲት ፊደል አልዘለለችም።

ሊዲያ መቀመጫውን ጨመቀች። ደብዳቤ አትጻፍልኝ፣ አላነበውም። መልሱ ይኸው ነበር፤ በገዛ አፏ መለሰላት። ከዚህ የከፋ ምን ሊልባት ይችል ነበር? የተመለሰ ብድር ነው እንግዲህ፤ ሰባት ደብዳቤ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ጥቁር መነጽሯን አጥልቃ ተነሣች። በሩን ስትዘጋ ድምፅ እንዳይሰማ ተጠነቀቀች፤ ውስጧ ግን የሚጮህ ነገር ነበር።

ወይዘሮ ኤርሲሊያ እያነከሱ ኮሪደሩ ላይ ደረሱባት።

«ቆይ እንጂ፣ እኔ እንዳንቺ እግረ ፈጣን አይደለሁም! ምነው ልጄ? አልተዋጣልኝም እንዴ?»

«ተዋጥቶልዎታል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ። መልሱን ሰማሁ፤ ሌላ ምን እጠብቃለሁ?»

«የምን መልስ?»

«ደብዳቤ አትጻፍልኝ ያለው! የፊልሙ ጽሑፍ ላይ እኮ ‹ስትደርስ ጻፍልኝ› ነው የሚለው። ሆን ብሎ ነው የለወጠው።»

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ግድግዳውን ተደግፈው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው መነጽሯን ከፊቷ ላይ አነሡት።

«ዐሥር ዓመት አፍሽን ሳይ ኖሬ ጣቢያው ላይ ያልሽውን ያላየሁ ይመስልሻል? አይቻለሁ። ኦታቪዮም አይቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ማሽኑ ላይ ተጎልቶ ያችን አንዲት ቁራጭ ሲያዞር ከረመ። በሦስተኛው ቀን ከለቅሶ እንደ መጣ ሰው ሆኖ ወጣና ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ወይዘሮ ኤርሲሊያ፣ ጊልዶ ጥሩ ሰው ነው?› አለኝ።»

ሊዲያ መጀመሪያ አልገባትም።

«ጊልዶ?»

«ጊልዶ። ደግ ነው ወይ፣ ይጠጣል ወይ፣ ሴት ያስለቅሳል ወይ፣ እያለ ጠየቀኝ። እኔም ደደቧ፣ ደህና ልጅ ነው ብዬ መሰከርኩለት። በማግስቱ ለቱሪን ጻፈ።»

«ወይ አምላኬ! ጊልዶ እኮ ያን ጊዜ የኳስ ተጫዋቾች ስም ነበር የሚቆጥረው!»

«እሱ በምን ይወቅ? የምትናገሪው ወደ ጊልዶ፣ የምታለቅሽው ለጊልዶ። ጋዜጣው በየሳምንቱ ቀለበት ያስርላችኋል። እኔ ራሴ ለጊልዶ መስሎኝ ነበር፤ ይኸው አሁን ፊትሽን እስካይ ድረስ። ለመሆኑ ስሙን ጠርተሻል?»

ሊዲያ ራሷን በአሉታ ወዘወዘች።

«አልጠራሽም። ለምን?»

«ካሳፈረኝ...» አለች፣ «ካሳፈረኝ፣ ትወና ነው ለማለት።»

«አየሽ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ደግሞ ያ ‹አትጻፍልኝ› የምትይው መልስ አይደለም፣ ሞኝ። ያ ሰውዬ ሌላ ሰው አፍሽን አንብቦ እንዳያማሽ ብሎ፣ አፉ ላይ የሚገጥመውን ሲፈልግ አገኘው። ስምሽን ነው የሸፈነልሽ። እያለቀሰ ሸፈነልሽ።»

ሊዲያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ሊያገባት የነበረ ሰው፣ ለሌላ ወንድ ነው ብሎ ያመነውን የፍቅር ቃሏን ከሐሜት ለማዳን ሦስት ቀን ደክሟል። በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ አፍራም፣ ተወዳም አታውቅም።

ሲመለሱ ኦታቪዮ እርሳሱን ይቀርጽ ነበር።

«ወይዘሮ ኤርሲሊያ፣ ለጥንቃቄ አንድ ጊዜ እንድገመው። ቦታዎን ይያዙ።»

«ጉሮሮዬ ተዘጋ።»

«አሁን? እንቁላልዎን ጠጥተው የለም እንዴ?»

«የከረመ እንቁላል ነበር» አሉ ወይዘሮ ኤርሲሊያ፤ አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ተዘርግተውም ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር።

ሊዲያ ማይክራፎኑ ፊት ሄዳ ቆመች። ኦታቪዮ ብድግ አለ።

«ሲኞሪና፣ ይህ... ውልዎ አይፈቅድም። ፕሮዲውሰሩ ቢሰማ...»

«ይስማ።»

ፊልሙን የሚያዞረው የማጫወቻ ሠራተኛ ከላይ ካለችው ትንሽ መስኮት እንደሚያያቸው ሁለቱም ያውቃሉ። ኦታቪዮ ተቀመጠና እጁን አነሣ፤ መብራቱ ጠፋ።

የመጀመሪያው አልሆነላትም። የገዛ ከንፈሯ ጥሏት ሄደ፤ እሷ «ይቅር» ስትል ሸራው ላይ ያለችው ሴት ጨርሳለች። ወይዘሮ ኤርሲሊያ ከጨለማው ውስጥ «ዓይኗን እያት፣ አፏን አይደለም» አሉ፤ «ከመናገሯ በፊት ዓይኗ ይጨነቃል።» ፊልሙ ዞሮ ተመለሰ። ዓይኖቿ ሲጨነቁ አየቻቸው። እውነትም የራሷ ጭንቀት ነበር።

«ይቅር በለኝ።»

በፖዙሊ አነጋገር ወጣ፤ ወፍራምና ሻካራ ሆኖ፣ ምንም ሳይለሰልስ። የኦታቪዮ እርሳስ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ሁሉም የሆነው በኩራቴ ነው። ከአንተ በቀር ማንንም አልወደድኩም። ና፣ ውሰደኝ።»

ሸራው ላይ ሊዲያ ፊቷን ወደ ባቡሩ አዞረች። አሁን የሚታየው ጀርባዋና ፀጉሯ ነው። ፊት በዞረ ጊዜ ከንፈር ስለማይታይ ጸሐፊ የፈለገውን ቃል እዚያ ማስገባት ይችላል፤ ይህን ከኦታቪዮ በላይ የሚያውቅ በከተማው የለም። ሊዲያ ትንፋሽ ወሰደችና በዚያች ባዶ ቦታ ላይ፣

«ኦታቪዮ» አለች።

ፊልሙ እንደገና ዞሮ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ያንኑ ቃል ይናገር ጀመር።

«ላቁመው ወይ?» አለ የማጫወቻው ሠራተኛ ከላይ።

«አታቁመው» አለ ኦታቪዮ። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ እሷ መጣ፤ የሸራው ብርሃን ፊቱ ላይ ሲወድቅ እንባው ታየ። «ለጊልዶ መስሎኝ ነበር።»

«ነገሩኝ።»

«ለጊልዶ ነው ብዬ ሦስት ቀን...» መጨረስ አቃተው። «ኑንዚያታ፣ ያን ጊዜ ስለ ድምፅሽ መናገር ነበረብኝ። ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። እሱን ነበር በሰባቱም ደብዳቤ የጻፍኩልሽ። ሰባቱም ያው ነው።»

በዚያ ስም የሚጠራት እናቷ ብቻ ቀርታ ነበር፤ እናቷም የለችም። ሊዲያ የማይክራፎኑን ማቆሚያ ያዘች።

«የተውኩህ ድምፄን ስለቀየሩት አልነበረም እኮ» አለች። «ቢሉኝ እቀበል ነበር፤ ዳቦ ነዋ። አንተ ስላልነገርከኝ ነው። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ካንተ በቀር የምሸሽበት አልነበረኝም፤ አንተ ደግሞ ከሚያውቁት ወገን ነበርክ።»

«አዎ።»

«አንተን ቀጥቼ የተቀጣሁት ግን እኔ ነኝ። አንዱን ደብዳቤ እንኳ ብከፍተው ምን ነበረበት?»

«አትጥፊብኝ እንጂ አሁን ብትከፍችውም ይደርሳል» አለ። «መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።»

«ነገ ቱሪን ነህ፣ ምኑን ትሰጠኛለህ?»

ኦታቪዮ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ስልኩን አነሣና የስልክ ማዕከል ሠራተኛዋን ከቱሪን እንድታገናኘው ጠየቃት። እስኪያገናኙት ቆመው ጠበቁ። ወይዘሮ ኤርሲሊያ ጉልበታቸውን ማሸት ረስተዋል። ለሊዲያ ዓለም በሙሉ በዚያ ጥቁር የስልክ ገመድ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች።

«ቤራርዲ ነኝ፣ ከሮማ» አለ ኦታቪዮ። «ሰኞ አልመጣም። አይ፣ በሌላ ቀንም አልመጣም። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ቱሪን ያለው ሰውዬ በጣም ስለጮኸ ቃሉ እስከ ማይክራፎኑ ድረስ ተሰማ።

«ምነው? ምን ነካዎት? ታመው ነው?»

ኦታቪዮ ሊዲያን አያት፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሳይመልስ አያት።

«ታምሜ ነበር» አለ። «አሁን ተሽሎኛል።»

ሊዲያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ልትጠርገውም አልሞከረች።